ከ3 ወደ 6፦ ለጋሼ የምስጋና ቃል

ይህን ጽሁፍ ሳልጽፍ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። መጀመሪያ ብስጭቴ እስኪበርድልኝ ጠበቅሁ። ከዚያ ደግሞ የድሮ መኪና እውነተኛ መሆን አለመሆኗን የሚመረምሩትን ባለሙያ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። «ስሜን ተወው፤ ሥራውን ከፈለግህ ጻፍ» አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ እያልኩ ነው የምጠራቸው።

ጉዳዩ የመኪና ነው። የ1973 ፖርሽ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሚያውቃት ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለማያውቃት ባጭሩ ልንገር። ፖርሽ በኦክቶበር 1972 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ያሳያት የስፖርት መኪና ናት። በምትፈለገው የውድድር ምድብ ለመግባት 500 መኪና መሠራት ነበረበት። ኖቬምበር ሳያልቅ 500ዎቹ ተሸጠው አለቁ። ፋብሪካው ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ፣ በመጨረሻ ወደ 1,580 ገደማ ደረሱ። ከኋላዋ እንደ ዳክዬ ጅራት ቀና ያለች ነገር አለቻት። ያቺ ጅራት ናት ስንቱን ያሳበደችው።

እኔም ካበዱት አንዱ ነኝ። ለሽያጭ የቀረበችውን ሳያት ልቤ ጠፋ። ነጭ ናት። ጎኗ ላይ በሰማያዊ «ካሬራ» ተብሎ ተጽፎባታል። ቸርኬዎቿም መሃላቸው ሰማያዊ ነው። ሻጩ ወፍራም የወረቀት ፋይል አወጣ። ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶ፣ የጥገና ደብተር። ነዳኋት፤ ትበራለች። «ነገ ሌላ ሰው ሊያያት ይመጣል» አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር መኪና ሻጭ ሁሉ አብሯት የሚወለድ ይመስለኛል።

ቀብድ ልሰጥ ስል አንድ ጓደኛዬ ያዘኝ። «ጋሼን ሳታሳይ አንድ ሳንቲም እንዳትከፍል» አለኝ።

ደወልኩላቸው። ስለ ሞተሩ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሻጩ መኪናዋን እንድንነካት ይፈቅዳል?» የሚል ሆነ። መንካት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ምንጣፍ ማንሳት፣ ከስር መግባት፣ ግማሽ ቀን አጠገቧ መዋል። ካልፈቀደ አንተም ገንዘብህን አታባክን፣ እኔንም አታድክመኝ» አሉኝ። ክፍያቸውንም ያኔውኑ ቆረጡ። እውነተኛ ናት ቢሉም አይደለችም ቢሉም ሂሳቡ ያው ነው። ከሻጭም ሆነ ከደላላ ምንም አይቀበሉም።

በቀጠሮው ቀን ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው መጡ። የእጅ ባትሪ፣ መስታወት፣ ማግኔት፣ የቀለም ውፍረት መለኪያ፣ ደብተር። መኪናዋን ግን ዞር ብለው አላዩዋትም። ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ወረቀት አነበቡ። እኔ እዚያ ቆሜ ትዕግስቴ አለቀ። በኋላ ሳየው ያቺ ሰዓት ከንቱ አልነበረችም። በወረቀቶቹ መሃል የ11 ዓመት ክፍተት አለ። ከክፍተቱ በፊት ያሉት ወረቀቶች «911» ብቻ ይላሉ። «አርኤስ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከክፍተቱ በኋላ ነው። እኔ ያንን ፋይል ሁለት ጊዜ አገላብጬው ነበር። ያየሁት ውፍረቱን ብቻ ነው።

ከዚያ ተነሡ። እኔ ወደ ጅራቷ ስሄድ ሳቁብኝ። «እሱን ተወው። ጅራት ገበያ ላይ ይገዛል፣ ጽሁፍም ይለጠፋል፣ ፓራፋንጎም ይሰፋል። ቁጥሩን አሳየኝ» አሉኝ።

በ911 ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ሻንጣ የሚጫነው ከፊት። የፊቱን ኮፈን ከፍተው ምንጣፉን አነሡ። የሻንሲው ቁጥር ላሜራው ላይ ተመትቷል። እኔ ባትሪውን ከላይ ወደ ታች ሳበራ እጄን ይዘው ወደ ጎን አጋደሉት። ብርሃኑ ላሜራውን ታክኮ ሲያልፍ ጠፍጣፋ ይመስል የነበረው ነገር ሁሉ ጉብታና ጉድጓድ ሆነ።

«አንብብልኝ» አሉ። 911 360 ብዬ ጀመርኩ። ትክክል ነው፤ የአርኤስ ቁጥር እንደዚያ ነው የሚጀምረው። «የዚያው ዓመት 911 ኤስ ቁጥርስ በስንት እንደሚጀምር ታውቃለህ?» አላውቅም። (ኤስ ከአርኤስ አንድ ደረጃ ዝቅ የምትል እህቷ ናት።) በ911 330 ነው። በኤስና በአርኤስ መካከል እዚያ ጋ ያለው ልዩነት አንድ አሃዝ ነው። ሁለተኛዋ 3 በ6 ትተካለች፣ አለቀ።

ጎንበስ ብዬ 6ቷን አየኋት። አጠገቧ ያለችው 3 ጠርዟ ስል ነው፣ ጥልቀቷም ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። 6ቷ ግን በግራ በኩል ጥልቀት የላትም፤ የተመታች ሳይሆን የተፋቀች ነው የምትመስለው። በቀኝ በኩል ደግሞ ከላይ፣ የ3 ሆድ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ እብጠት አለ። ብየዳ ሞልተውበት፣ ሞርደው፣ ቀለም ቀብተውበታል። የቀለም መለኪያውን አስጠጉ። አንድ መዳፍ ራቅ ብሎ ካለው ቦታ ሦስት እጥፍ አሳየ።

«እና ሐሰተኛ ናት?» አልኳቸው። ድምፄ ሳይቀር ተቀየረ።

«አንድ ምስክር አይበቃም» አሉና ወደ ኋላ ሄዱ።

ሞተሩ ላይም ያው ታሪክ ነው። የአርኤስ ሞተር ቁጥር በ663 ይጀምራል፣ የኤስ በ633። የዚች 663 ይላል። ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ግን በሞረድ የተፋቀ ነው። ቀጫጭን ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈዋል፣ አንዷ አሃዝም ወደ ጎን ዘመም ብላለች። «ግን እኮ ስነዳት ትበራለች!» ስላቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በትዕግስት አስረዱኝ። የኤስ ሞተር 2,341 ሲሲ ነው፣ የአርኤስ 2,687። የፒስተኑ ምት በሁለቱም 70.4 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ነው፦ 84 የነበረው 90 ሆነ። ስለዚህ ሲሊንደሩንና ፒስተኑን የቀየረ ሰው ከውጭ ምንም ሳይታይበት የአርኤስን መጠን ያገኛል። የኤስ 190 የፈረስ ጉልበት ከአርኤስ 210 ጋር በወንበር ስሜት አይለይም አሉኝ። (ትንሽ አፈርኩ።)

ሦስተኛው ምስክር የምርት ቁጥር የሚባለው ነው። ከሻንሲ ቁጥሩ ሌላ ፋብሪካው በሥራ ጊዜ ይጠቀምበት የነበረ ቁጥር ነው፣ ስውር ቦታ ላይ ይገኛል። በትክክል የት ላይ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። አስመሳዮችም ማንበብ ይችላሉ። ጋሼ ክሩስኮቱ ስር በጀርባቸው ተኝተው በመስታወት ሲፈልጉት ቆዩና ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ምንም አልተናገሩም።

ከዚያ ሻጩን አስቀምጠው አናገሩት። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። እሱም አምኖ ነው የገዛት። ጋሼ አልወነጀሉትም። እንደ ባለቤትነቱ ለፋብሪካው መዝገብ ክፍል እንዲጽፍ አሳመኑት። መልሱ መጣ። በዚያ የምርት ቁጥር የተሠራችው መኪና ከፋብሪካ የወጣችው 911 ኤስ ሆና ነው። ቀለሟም ነጭ ሳይሆን ብርቱካናማ። ያኔ ጋሼ ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። በምርመራው ቀን የጻፉት ይህን ነበር፦ «ክሩስኮት ስር፣ በስተቀኝ ጥግ፣ ጥፍር የምታክል ብርቱካናማ ቀለም።»

የሰጡኝ ሪፖርት 14 ገጽ ነው። እኔን የገረመኝ ርዝመቱ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ዓምድ አለው፦ «ያየሁት» እና «የገመትኩት»። ቁጥሯ መፋቁ «ያየሁት» ስር ነው። ማን ፋቃት፣ መቼ ፋቃት የሚለው ደግሞ «የገመትኩት» ስር፣ ያውም በአንድ መስመር። በሕይወቴ ስንት ባለሙያ አይቻለሁ፤ ይህን የሚለይ ሰው ግን አልገጠመኝም። የሪፖርቱን ግልባጭ ለሻጩ ሊሰጡት ሲፈልጉ እንኳ ከፋዩ አንተ ነህ ብለው እኔን አስፈቀዱኝ።

ደግሞ መኪናዋን አላጣጣሏትም። «ጥሩ ኤስ ነበረች። ራሷን እንዳትሆን አደረጓት እንጂ» ነው ያሉት። አልገዛኋትም። ከአሁን በኋላ ሻጩ ኤስ መሆኗን ተናግሮ በኤስ ዋጋ ይሸጣታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የፋብሪካው ደብዳቤ እጁ ላይ ነው።

ጋሼ እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ ቶሎ አያነሡም። ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ስለ ነዳጅ መርጫ ፓምፕ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የለም፣ ሰው ቸኩሏል ብሎ ነገር አያውቁም። የሚያዩትም የድሮ የስፖርት መኪና ብቻ ነው። የሦስት ዓመት መኪና ልግዛ ብላችሁ እንዳታስቸግሯቸው።

ጋሼ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ያን ቀን የተናደድኩት በእርስዎ አልነበረም፤ መኪና ሳያይ ፋይል ባየው ዓይኔ ነው።

የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቁጥራቸውን የምሰጠው እሳቸውን ጠይቄ ነው። ጠዋት አትደውሉ፣ መኪና ስር ናቸው። ስትደውሉም መጀመሪያ ሻጩ ምንጣፍ ማንሳት ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቃችሁ ይሁን።