ሐዋሳ ላይ ፎቶ የምታሳጥቡ፣ እኚህን እናት እወቁልኝ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከወራት በፊት ነው። ያዘገዩኝ ራሳቸው ባለፎቶ ቤቷ እትዬ ናቸው። «ተይ ልጄ፣ ምን ሠርቼ ነው?» እያሉ። እሺ ያሉኝ ባለፈው እሑድ ነው። እሱም «ስሜንም ስልኬንም እንዳታወጪ» ብለው አስጠንቅቀው። ቃላቸውን አከብራለሁ። ሥራቸውን ግን አልደብቅም።

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ሐዋሳ የመጣሁት የምሠራበት ባንክ አዛውሮኝ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ያን ያህል ሩቅ አይባልም። ዘመድ ለሌለው ሰው ግን ሩቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ስመላለስ አሳለፍኳቸው። አብሮኝ የመጣው አንድ ካሜራ፣ ሁለት ሌንስና አንድ ትሪፖድ ነው። ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ አይደለም። ግን እሑድን እያሰብኩ ከሐሙስ ጀምሮ ባትሪ ቻርጅ የማደርግ ሰው ነኝ።

ከተማዋንም በካሜራ መልመድ ጀመርኩ። ሐዋሳን የሚያውቅ ያውቃል፤ መንገዷ ሜዳ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ብትሄዱ ጥንዶቹ፣ ቆሎ ሻጮቹ፣ የሚሯሯጡት ልጆች ሁሉ ጥላ ሆነው ከብርቱካናማው ሰማይ ፊት ይታያሉ። እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ በዚያ ጀመርኩ። ሚሞሪ ካርዴ በጀንበር መጥለቂያ ተሞላ።

ጠዋቱ ግን ይበልጣል። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከከተማው በኩል፣ ከጀርባችሁ ትወጣለች። ከዚያ ሐይቁ ላይ ያሉት ሰዎች ፊት ላይ በቀጥታ ታርፋለች። ለግማሽ ሰዓት ያህል ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ አንስተው የእንጨት ጀልባቸውን እየቀዘፉ ሲመለሱ፣ ፊታቸው ላይ ያለው ላብ፣ መረቡ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ቅርፊት ሳይቀር ያበራል።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ባጃጅ ይዞ ወደ አሞራ ገደል መውረድ ልማዴ ሆነ። አሞራ ገደልን ላላያችሁ፣ ሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው። አንዱ መረብ ይጠግናል፣ አንዱ ዓሣ ያጸዳል፣ አንዱ ይከራከራል። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ከሁሉም የሚገርመኝ አባ ኮዳ ነው። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ ከትንሽ ልጅ የማያንስ ወፍ። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች አጠገብ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንጀት ሲወረወርለት ክንፉን ይዘረጋል፤ ሲዘረጋው ከ2 ሜትር ያልፋል። ካሜራ ይዛችሁ የምትሄዱ የሸተር ፍጥነታችሁን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ አድርጉት። ካልሆነ ክንፉ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ስመላለስ አንድ ጠዋት አንዱ ዓሣ አጥማጅ ጠራኝ።

«እህት፣ ሁሌ ታነሺናለሽ። ፎቶው የታለ?»

ቁጣ አልነበረበትም። ሲጠይቀኝ ነው። «ፈረንጁም ያነሳናል፣ ከአዲስ አበባ የመጣውም ያነሳናል። አንድም ሰው አምጥቶ የሰጠን የለም» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ላፕቶፔ ውስጥ ሁለት ሺህ የሚሆን ፎቶ ነበር። ወረቀት ላይ ግን አንድም የለም።

በማግስቱ 12 ፎቶ መርጬ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ አንድ ፎቶ ቤት ገባሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ያወጡልኝ ፎቶ ያሳዝናል። ግማሹ ፊት አመድ መስሏል፣ ግማሹ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ስጠይቅ «ማሽኑ ነው እንዲህ የሚያወጣው» ተባልኩ። ያንን ይዤ ሰውየው ፊት መቆም ከበደኝ። ጠይም ቆንጆ ፊት አመድ ነስንሶ መመለስ ስድብ ነው።

ሥራ ቦታ ይህን ሳወራ የሰማች ባልደረባዬ ናት «እኛ ጉርድ ፎቶ የምንነሳባቸው እናት ጋ ሂጂ» ያለችኝ።

ቤቱ ጠባብ ነው። ስትገቡ መስታወትና ማበጠሪያ አለ። ምስማር ላይ ለጉርድ ፎቶ የሚዋስ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ፎቶ ነው፤ ሙሽሮች፣ የምረቃ ካባ የለበሱ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያ ልደቱን ያከበረ ሕፃን። እትዬ ከኮምፒውተራቸው ጀርባ ተቀምጠዋል። መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ነው።

የተበላሸውን ፎቶ ሰጠኋቸው። አምፖሉ ሥር አላዩትም። ተነስተው በሩ ጋ ወጡና በቀን ብርሃን አገላብጠው አዩት።

«ይህ ሰው ታሞ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ደህና አድርገን እናውጣው።»

ከዚያ አስቀምጠው አስተማሩኝ። ማስተካከሉ ለማሽኑ ብቻ ከተተወ ፎቶውን በጥቅሉ ነው የሚያየው። ውሃና ሰማይ ከበዛ ጠቅላላውን ያጨልመዋል፣ ፊቱ አብሮ ይጠፋል። ጥቁር ነገር ከበዛ ደግሞ ጠቅላላውን ያነጣዋል፣ ፊቱ አመድ ይሆናል። እትዬ ያንን የራስ ሰር ማስተካከያ ያጠፉታል። ከዚያ ፊቱን ብቻ በእጃቸው ያስተካክላሉ። «ሰው የሚታወቀው በፊቱ ነው፣ ውሃው ይቆይ» ይላሉ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሌላ ቦታ አላየሁም። ሙሉውን ፎቶ ከማውጣታቸው በፊት ፊቱ ያለበትን ክፍል ብቻ፣ ሁለት ጣት በምታህል ቁራጭ ወረቀት ላይ አወጡ። ወዲያው አላዩዋትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የአንዲት ተማሪ ጉርድ ፎቶ መቁረጥ ጀመሩ። «ቀለም ሲደርቅ ይለወጣል» አሉኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ቁራጯን አንስተው እንደገና በሩ ጋ ሄዱ። ቀይ ጨመሩ። ሌላ ቁራጭ። እንደገና በሩ ጋ። በሦስተኛው ቁራጭ ላይ የዓሣ አጥማጁ ጉንጭ እውነተኛ መልኩን አገኘ። ያቺን ሦስተኛ ቁራጭ ለምኜ ወስጃት እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት። የሦስቱንም ቁራጭ ዋጋ አላስከፈሉኝም።

ሌላም ነገር አለ። ፎቶውን 13 በ18 ሴንቲ ሜትር እንዲያወጡልኝ ስጠይቃቸው «የጀልባዋ ጫፍ ትቆረጥ?» አሉኝ። አልገባኝም ነበር። የእኔ ካሜራ የሚያነሳው ርዝመቱ ለወርዱ 3 ለ 2 በሆነ ቅርጽ ነው። 10 በ15 እና 20 በ30 ወረቀት ላይ ልክ ይገባል። 13 በ18 ላይ ግን ወረቀቱ እንዲሞላ ከርዝመቱ መቀነስ አለበት። እኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነሳኋት ጀልባ አፍንጫዋ ሊቀር ነው። ብዙ ፎቶ ቤት ሳይጠይቅ ይቆርጠዋል። እሳቸው ጠየቁኝ። 10 በ15 አደረግነው።

በሚቀጥለው እሑድ 12ቱን ፎቶ በፖስታ ይዤ አሞራ ገደል ወረድኩ። የጠየቀኝን ሰውዬ ፈልጌ አገኘሁትና ሰጠሁት። እጁ እርጥብ ነበር። መጀመሪያ አልተቀበለኝም። ሄዶ እጁን በሸሚዙ ጠረገ፣ ከዚያ ፎቶውን በሁለት እጁ በጠርዙ ያዘው። ብዙ ዝም አለ። ቀጥሎ ጓደኞቹን በሲዳምኛ ጠራቸው። ሁሉም መጡ። ያን ቀን ካሜራዬን ከቦርሳ ሳላወጣ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዓሣ ተጠብሶ በዳጣ መጣ፣ ክፈዪ የሚለኝ ጠፋ። አሁን ጀልባ ላይ ይዘውኝ ይወጣሉ። መረብ ሲነሳ ከጀልባው ውስጥ ሆኜ የማነሳው ለዚህ ነው። ከዳር ቆሜ በረጅም ሌንስ ዓመት ባነሳ ያንን አላገኝም ነበር።

ሐዋሳ ለእኔ ከተማ የሆነችልኝ ከዚያ እሑድ ወዲህ ነው። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

እትዬ በፊልም ዘመን የጀመሩ ሰው ናቸው። ጥቁርና ነጩን ከመጋረጃ ጀርባ ባለችው ጨለማ ክፍል ራሳቸው ያጥቡት ነበር፣ ባለቀለሙን ወደ አዲስ አበባ ይልኩት ነበር። ዛሬ የሚታጠብ ነገር የለም፣ ግን ሁላችንም «ፎቶ አሳጠብኩ» ነው የምንለው። እኔ ይህን ቃል እወደዋለሁ። አንድ ጥቅልል ፊልም 36 ፎቶ ነበር። «ሠርግም ይሁን ልቅሶ 36 ነው፤ ስለዚህ ሳናነሳ በፊት እናያለን» ብለውኛል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ጊዜ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄጄ ቄጣላውን፣ የበዓሉን ጭፈራ፣ 400 ጊዜ አንስቼ ስመጣ አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ በአንድ አዩልኝ። ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከ400ው 9 ቀረ። እነዚያ 9ኙ እስከዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የምኮራባቸው ናቸው። ፍቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ያንን ቀን በቅርብ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ሐዋሳ ገብርኤል ያን ቀን ነጭ በነጭ ነው። ያነሳኋቸው ፎቶዎች በካሜራዬ ስክሪን ላይ ያምራሉ። ሲወጡ ግን ነጠላው ሁሉ ባዶ ወረቀት ሆነ፤ ሽመናው የለም፣ እጥፋቱ የለም። እትዬ የራሳቸውን ነጠላ ከትከሻቸው አውርደው መስኮቱ ላይ ዘረጉት። «ይህን ክር ካላየሁ ነጠላ አይደለም» አሉኝ። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ቀንሼ እንዳነሳ፣ የጨለመውን ፊት በኋላ ማብራት እንደሚቻል፣ ነጭ ሆኖ የተቃጠለው ግን እንደማይመለስ የገባኝ ያኔ ነው። በዩቲዩብ ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ በእሳቸው ነጠላ ነው።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የምሄድበት ቀን ነው፣ ለእናቴ የማደርስላት 20 በ30 ፎቶ ነበረኝ። «ሂጂ ቤትሽ፣ ሲመጣ እደውላለሁ» አሉኝ። የደወሉልኝ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሱቁን ከፍተው ቁጭ ብለዋል። ፎቶው ደርቆ፣ በካርቶን ተደግፎ፣ እንዳይታጠፍ ታስሮ ጠበቀኝ። ፎቶው ዛሬ አዲስ አበባ እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው።

መሄድ ለምታስቡ፣ ልምዴን ልንገራችሁ። ፎቶውን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ በፋይል ላኩት። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ እትዬም መልሰው «በፋይል» ይሏችኋል። ከቻላችሁ ፍላሽ ይሻላል። ዋጋው ከወረቀቱ ዋጋ ጋር ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም፤ እሳቸው ግን ሳያወጡ በፊት ይነግሯችኋል፣ ካወጡ በኋላ አይጨምሩም። ቸኩላችሁ አትሂዱ። ጉርድ ፎቶ ወዲያው ነው፣ የሰው ፎቶ ግን ቁራጯ እስክትደርቅ መጠበቅ አለ። እሑድ ጠዋት ዝግ ናቸው። ትልቅ ባነር፣ የማስታወቂያ ሥራ አይሠሩም፣ ለዚያ ሌላ ቦታ ሂዱ። ለሠርግ አልበም፣ ለምረቃ፣ የድሮ ፎቶ ተቀዶ ወይም ደብዝዞ ለተቸገራችሁ ግን ከእሳቸው የተሻለ ሰው አላውቅም። የባልደረባዬን አባት የተቀዳደደ ፎቶ እንዴት አድርገው እንደመለሱት በዓይኔ አይቻለሁ።

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ወይም ለሽርሽር የምትመጡ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቦታውን አሳያችኋለሁ። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ እሑድ ጠዋት አብረን አሞራ ገደል እንውረድ።

እትዬ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። በማላውቀው አገር እንደ እናት ሆነውልኛል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የዚህን ሳምንት 24 ፎቶ ቅዳሜ ከሰዓት ይዤ እመጣለሁ። ሁሉም 10 በ15 ነው፤ የጀልባዋ ጫፍ አይቆረጥም።