ለትራንስፎርመር መርማሪዎቹ ምስጋና፣ በጎንደርና አካባቢዋ ትራንስፎርመር ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ጤና ይስጥልን። አዘዞ የሚገኝ ተቋም የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ባልደረቦች ነን። ነሐሴ ላይ መጥተው ትራንስፎርመራችንን በፍሪኩዌንሲ ምላሽ ፍተሻ የመረመሩልን ሦስት ባለሙያዎች አሉ፤ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት። ምስጋናችን በአደባባይ እንዲሆን ስለፈለግን ጻፍን። ስማቸውን እዚህ አናወጣም፣ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ይልቅ ምን እንደሠሩ ዘርዝረን እንነግራችኋለን፤ "ጎበዞች ናቸው" ብቻ ብንል የራሱ ትራንስፎርመር ላለው ሰው ምንም አይፈይድለትም።

ትራንስፎርመሩ 6.3 ሜጋ ቮልት አምፔር ነው፤ ከ33 ወደ 15 ኪሎ ቮልት ያወርዳል። የ33ቱ ወገን ዴልታ፣ የ15ቱ ወገን ስታር የታሰረ ነው። በ15 ኪሎ ቮልት መውጫው አጠገብ የኬብል ራስ ፈንድቶ ሦስቱ ፌዞች ሾርት ሆኑ፤ ብሬከሩ ቆረጠ። እንዲህ ያለው ሾርት ከሩቅ መስመር ላይ ከሚደርሰው የከፋ ነው፤ ከረንቱን የሚገታው የትራንስፎርመሩ የራሱ ኢምፒዳንስ ብቻ ይሆናልና። ሰሌዳው ላይ ያለው ኢምፒዳንስ 8 በመቶ ነው። ስለዚህ ከረንቱ ከመደበኛው (100 ሲካፈል ለ8) እስከ 12.5 እጥፍ ይደርሳል። ጥቅሎቹን የሚገፋው ኃይል ደግሞ በከረንቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ከመደበኛው 156 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የመጀመሪያው የሞገድ ጫፍ ላይ ከዚህም ይበልጣል። ያ ኃይል የውጩን ጥቅል ወደ ውጭ ይለጥጣል፣ የውስጡን ጥቅል (በእኛ የ15 ኪሎ ቮልቱን) ጥቅሎቹ ወደተጠመጠሙበት ብረት፣ ወደ ኮሩ ይጨፈልቃል።

ከዚያ በኋላ የተለመዱት ፍተሻዎች ተደረጉ። ሜገሩ (የኤሌክትሪክ መከላከያውን የሚፈትሸው) ጥሩ፣ የዙር ሬሾው ልክ፣ የጥቅል ሬዚስታንሱ ልክ፣ ዘይቱ ውስጥ የሚያሰጋ ጋዝ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "እንግዲህ ደህና ነው" ብሎ ብሬከሩን ይዘጋል። ሜገር ግን የሚነግረን መከላከያው አለመበሳቱን ነው። ሬሾው የዙር ቁጥር ነው፤ ጥቅሉ ቢጨፈለቅም ዙሩ አልጎደለም፣ ስለዚህ ልክ ሆኖ ይወጣል። ጋዝም የሚፈጠረው አንድ ቦታ ሲሞቅ ወይም ሲፈነጣጠቅ ነው። የጥቅሉ ቅርጽ ተበላሽቶ ገና ምንም ያልነደደ ከሆነ ከእነዚህ አንዳቸውም አያዩትም።

የፍሪኩዌንሲ ምላሽ ፍተሻ የሚያየው ይህንኑ ቅርጽ ነው። ሸክላ ወደሚሠራባት ወለቃ ወርዶ ጀበና የሚገዛ ሰው በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይለያል። ትራንስፎርመርም እያንዳንዱ ዙር ኢንዳክታንስ (የከረንት ለውጥን የመቃወም ባሕርይ)፣ በዙርና በዙር፣ በጥቅልና በኮር፣ በጥቅልና በታንክ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ስላለው የራሱ "ድምፅ" አለው። መሣሪያው ጥቂት ቮልት ብቻ ከ20 ኸርዝ እስከ 2 ሜጋ ኸርዝ እያሻገረ በአንድ ጫፍ ያስገባል፣ በሌላው ጫፍ የወጣውን ይለካል፣ ሬሾውን በዴሲቤል መስመር አድርጎ ይሥላል። ክፍተቶቹ ከተለወጡ የመስመሩ ጫፎችና ሸለቆዎች ይንሸራተታሉ። ዘዴውን በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዲክና ኧርቨን የተባሉ የካናዳ መሐንዲሶች ናቸው። አለካኩን የሚደነግገው የአይኢሲ 60076 ክፍል 18 ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

መሣሪያውን መግዛት የሚችል ብዙ ነው። የእነዚህ ልጆች ጉብዝና ግን ከመሣሪያው በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀመሩ፤ የጎንደር የነሐሴ ዝናብ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቡሺንጎቹ (ሽቦው ከታንኩ የሚወጣባቸው መከላከያዎች) ሳይረጥቡ ለመጨረስ ነው። መጀመሪያ የጠየቁት "የጥቅል ሬዚስታንስ በዲሲ ለክታችኋል?" ብለው ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ተለክቷል። ዲሲ ኮሩ ውስጥ ማግኔት ያስቀራል፤ የቀረው ማግኔት ደግሞ ከ2 ኪሎ ኸርዝ በታች ያለውን የመስመሩን ክፍል ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ ኮሩ የተጎዳ ያስመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማግኔቱን አጠፉ። እኛ ቅደም ተከተሉን አዛብተን ነው ያስቸገርናቸው፤ የፍሪኩዌንሲው ፍተሻ መቅደም ነበረበት።

ቀጥሎ ከቡሺንጎቹ ላይ ያለውን ባስባር (ከረንት የሚያስተላልፈውን ዘንግ) እና ኬብል በሙሉ አስፈቱ፣ የኒውትራሉንም ጭምር። እዚህ ላይ "አንድ ሜትር ባስባር ቢቀር ምን አለበት?" የሚል ይኖራል። ይህ ቁራጭ ከፍ ባለው ፍሪኩዌንሲ ላይ የራሱን ካፓሲታንስ ይጨምራል፤ ከዓመት በኋላ ያለ እሱ ሲለካ ልዩነቱ እንደ ጉዳት ይነበባል። ታፕ ቼንጀሩ (የዙር ቁጥሩን እየለወጠ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው) ኃይል ተቋርጦ የሚቀየረው ዓይነት ስለሆነ ከነበረበት ከ3 ቁጥር አላነቃነቁትም፤ ሾርት ያየ ትራንስፎርመር ላይ ታፕ ማንቀሳቀስ ሌላ ችግር ሊጨምር ይችላል። የታፑን ቁጥር፣ የዘይቱን ልክና ሙቀት፣ የተርሚናሎቹን ስም ጻፉ። እህታችን እያንዳንዱን ግንኙነት በፎቶ አነሳች።

ኬብሎቻቸውን ራሳቸውንም ሳይፈትሹ አላመኑም። የማስገቢያውንና የመውጫውን ጫፍ አገናኝተው ለኩ፤ መስመሩ ዜሮ ዴሲቤል ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፣ ሄደም። ከዚያ 12 ልኬት አደረጉ፦ የ33ቱ ወገን ሦስት፣ የ15ቱ ወገን ሦስት፣ የ15ቱ ተርሚናሎች በወፍራም ሽቦ እርስ በርስ ተይዘው የ33ቱ ወገን እንደገና ሦስት፣ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ሦስት። ተርሚናሎቹን ሲያገናኙ ኒውትራሉን አልጨመሩትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ ከ500 ኪሎ ኸርዝ በላይ ከሌሎቹ ተለይቶ ወጣ። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ስክሪን ላይ ሲያይ "ጥቅሉ ተበላሽቷል" ይላል፤ ጽፎም ይሄዳል። መሪያቸው መሰላል ላይ ወጥቶ የቡሺንጉን ግርጌ አየ። የመለኪያ ኬብሉን ከታንኩ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የተጠለፈ የመዳብ የኧርዝ ማሰሪያ የተያዘው ቀለም ላይ ነበር። ቀለሙን እስከ ንጹሕ ብረቱ ፋቀው፣ ማሰሪያውን አሳጥረው ከቡሺንጉ ጎን አስጠግተው እንደገና ለኩ፤ ልዩነቱ ጠፋ። ሌሎቹንም ፋቁና ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገሙ። ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ማንም አላዘዛቸውም። ከፍ ባለው ፍሪኩዌንሲ የሚታይ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የኧርዝ ማሰሪያ እንጂ የጥቅል ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የሚያደርገው።

ከዚህ በኋላም የቀረ ልዩነት ነበር። የፌዝ ሲ የ15 ኪሎ ቮልት ጥቅል ከ20 እስከ 400 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ጫፎቹ ወደ ዝቅተኛው ወገን ተንሸራተዋል። ይህ የጥቅል ቅርጽ የሚነበብበት ክልል ነው። ሲደግሙትም መስመሩ ራሱ ላይ ተደረበ፤ ስለዚህ የግንኙነት ችግር አይደለም።

አሁንም አልፈረዱም። የፋብሪካ መነሻ መዝገብ (ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ሳለ የተለካው) የለንም፤ በፌዝ ማወዳደር ብቻ ደግሞ ያሳስታል፤ የመካከለኛው እግር የማግኔት መንገድ ከዳርና ዳሩ ስለሚለይ፣ ታች ባለው ፍሪኩዌንሲ ጤነኛ ትራንስፎርመር እንኳ ሦስት አንድ ዓይነት መስመር አይሰጥም። አጠገቡ መንትያው አለ። መጀመሪያ የሁለቱን ሰሌዳ አይተው ተከታታይ ቁጥር ያላቸው፣ በአንድ ንድፍ የተሠሩ መሆናቸውን አረጋገጡ። አንድ ኃይልና አንድ ቮልቴጅ ስላላቸው ብቻ መንትያ አይባሉምና። በማግስቱ ጠዋት መንትያውን በዚያው በ3 ቁጥር ታፕ ለኩት። የእሱ ፌዝ ኤ እና ፌዝ ሲ በደንብ ተደራረቡ። የእኛው ፌዝ ሲ ለብቻው ቀረ።

ሁለተኛው ምስክር የ15ቱ ተርሚናሎች እርስ በርስ ተይዘው ከተደረገው ልኬት መጣ። የ15ቱ ወገን ሲያያዝ ኮሩ ከጨዋታው ይወጣል፣ የሚቀረው የሊኬጅ ኢንዳክታንስ (በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ባለው ክፍተት የሚወሰነው) ነው፤ ሦስቱ መስመሮች በተዳፋቱ ላይ ከ0.1 እስከ 0.2 ዴሲቤል በሆነ ልዩነት ውስጥ መገጣጠም አለባቸው። አንዱ 0.3 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ወጣ። ትንሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን 3.5 በመቶ ያህል የኢምፒዳንስ ልዩነት ነው። መሪያቸው እዚህ ላይ አንድ ነገር አከለ፤ ብዙ ሪፖርት ላይ አይተነው አናውቅም። በዴልታ ላይ በሁለት ተርሚናል ሲለካ ሦስቱም ጥቅሎች ይሳተፋሉ፣ ስለዚህ የአንዱ ጉዳት ተሸፋፍኖ ነው የሚወጣው። በጥቅሉ ላይ ያለው እውነተኛ ለውጥ ከ3.5 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። በ20 ኸርዝ አካባቢ የታየችውን ጥቂት ልዩነት ደግሞ ከቁጥር አላስገቧትም፤ እሷ የማያያዣው ሽቦ ሬዚስታንስ ናት።

ሦስተኛው ካፓሲታንስ ነው። በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ያለው ካፓሲታንስ ከመንትያው አንሶ፣ የውስጡ ጥቅል ከኮሩ ጋር ያለው ካፓሲታንስ ጨምሮ ተገኘ። ሦስቱም አንድ ነገር ተናገሩ፦ የውስጡ ጥቅል ወደ ኮሩ ገብቷል፣ ከውጩ ጥቅል ርቋል። ሪፖርቱ "ፌዝ ሲ፣ የውስጥ ጥቅል ወደ ውስጥ መጨፍለቅ፤ ኃይል አይሰጠው፣ ይከፈት" ይላል። "ሊሆን ይችላል፣ ክትትል ይደረግ" ብሎ ራስን ማዳን ቀላል ነበር።

ታንኩ ሲከፈት የፌዝ ሲ የውስጥ ጥቅል በሁለት ቋሚ ደጋፊ እንጨቶች መካከል ጎድጉዶ፣ የሽቦው ወረቀት አንድ ቦታ ተቀዶ ተገኘ። ቀጣዩ ሾርት ያንን ቦታ ከዙር ወደ ዙር ያገናኘው ነበር፤ ያኔ የሚታደሰው አንድ ጥቅል አይሆንም፣ ኮሩም ታንኩም ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጃችሁ ይባረክ። አስተያየት ካስፈለጋችሁ አንድ አለን፦ ሪፖርቱ ለባለሙያ ግሩም ነው፣ ለሥራ አስኪያጅ የሚሆን አንድ ገጽ ቢጨመርበት እኛን ከሦስት ስብሰባ ያድነን ነበር።

እነሱንም ይሁን ሌላ ሰው የምታሠሩ ሁሉ፣ የታተመውን ሥዕል ብቻ ተቀብላችሁ አትሸኙ። የልኬቱን ፋይል ራሱን፣ የግንኙነቶቹን ፎቶና የታፑን ቁጥር ተቀበሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያወዳድረው ሰው ያለ እነዚህ ምንም አይሠራም። "ተመሳሳይነት 0.9 ምናምን" የሚል አንድ ቁጥር ብቻ የሰጣችሁን ሪፖርት መስመሮቹ የት ላይ እንደተለያዩ ጠይቁት።

አዲስ ትራንስፎርመር የምታስመጡም አላችሁ። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በወልድያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር አድርጎ አዘዞ እስኪደርስ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ከፋብሪካው ሳይነሳ የተለካበትን መዝገብ በውሉ ላይ አስገቡ፤ ሲደርስም ከመኪናው እንደወረደ አስለኩት። ዘይቱ ወጥቶ ከሆነ የሚጓዘው፣ የመነሻው ልኬት በዚያው ያለ ዘይት ሁኔታ መደረግ አለበት። ዘይት ሲጎድል ካፓሲታንሱ ስለሚቀንስ ጫፎቹ ሁሉ ወደ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ይሄዳሉ፤ ባለዘይቱን ከባዶው ጋር ያወዳደረ ሰው ጤነኛውን ትራንስፎርመር ወደ ጥገና ይልካል።

ጤነኛ ትራንስፎርመር ላላችሁ ደግሞ ልጆቹ ከክረምት በፊት እስከ ግንቦት መጨረሻ መነሻ መዝገብ እየለኩ ይሰጣሉ። ለአንድ ትራንስፎርመር ግማሽ ቀን ኃይል ማቋረጥ ይበቃል። በውስጥ መስመር ስትጽፉልን የሰሌዳውን ፎቶ፣ ታፑ ያለበትን ቁጥር፣ ባስባሩ በስንት ሰው እንደሚፈታና በቅርቡ በዲሲ የተለካ ነገር ካለ አብራችሁ ላኩ፤ እናደርስላችኋለን።