ካሽጋር ላይ የትኛውን ሰዓት ልያዝ? የቤጂንግን ወይስ የሺንጂያንግን?

ቻይና ከእ.ኤ.አ. 1949 ጀምሮ መላ አገሪቱን በአንድ ሰዓት ታስተዳድራለች። ካሽጋር ግን በምዕራብ ጫፍ፣ በሺንጂያንግ ክልል ናት። ስለዚህ ብዙ ኡይጉሮች (የክልሉ ነባር ሕዝብ) ከቤጂንግ 2 ሰዓት ወደኋላ የሚቀር የአካባቢ ሰዓት፣ ማለትም የሺንጂያንግ ሰዓት፣ ይጠቀማሉ።

የቤጂንግ ሰዓት፦ ባቡርና አውሮፕላን የሚንቀሳቀሱት በዚህ ነው። ስልካችሁም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይህንኑ ይይዛል። ችግሩ ከፀሐይ ጋር አለመስማማቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ፦ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው 9 ሰዓት ገደማ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ የምትወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው! እንቅልፍ ይዛባል፤ ሆድም ግራ ይገባዋል።

የሺንጂያንግ ሰዓት፦ ለሰውነት ይህ ይሻላል። ገበያውም ሰፈሩም የሚሞቀው ከፀሐይዋ ጋር ነው። አደጋው ቲኬት ላይ ነው። ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን በአካባቢው ሰዓት ካነበባችሁ፣ ጣቢያ ስትደርሱ ባቡሩ ከሄደ 2 ሰዓት ሆኖታል።

ቀጠሮ ስትይዙ «በየትኛው ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ «በፈረንጅ ነው በሀበሻ?» ማለት ስለለመድን ይህ አይከብደንም።

ለሁለት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ወይም ጉዞው በባቡርና በአውሮፕላን የተሞላ ከሆነ፣ የቤጂንጉን አትልቀቁ። ሰንበት ብላችሁ ከሰው ጋር ለምትኖሩ የአካባቢው ይመቻል፤ ቲኬት ሲሆን ብቻ ከተጻፈው ላይ 2 ሰዓት ቀንሱ። በኩንጄራብ የድንበር መተላለፊያ በኩል ወደ ፓኪስታን ለምትሻገሩም እንደዚሁ፦ ከቤጂንግ የ3 ሰዓት ልዩነት ሲሆን፣ ከሺንጂያንግ ግን የ1 ሰዓት ብቻ ነው።