ቱሉ ዲምቱ ያለው የቅዳሜና እሁድ የባስኬት ስልጠና፦ ልጅ ላላችሁ

«ልጄን እዚያ ልላከው ወይ?» ለምትሉ መልሱን ከፊት ልንገራችሁ። ልጃችሁ ከ10 እስከ 15 ዓመት ከሆነ ላኩት፣ አትቆጩም። ከዚያ በላይ ከሆነና ውድድር ከፈለገ ግን ይሄ ቦታ ብቻውን አይበቃውም።

የማወራው ከአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ስላለው ስልጠና ነው። ታፔላ የለውም፣ ስምም የለውም። ልጆቹ «ኮች ጋ» ነው የሚሉት፣ ወላጁም እንደዚያው። የእህቴ ልጅ እዚያ ይሰለጥናል። 14 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ እኔን በልጦኛል፣ እጁ ረጅም ነው፣ ያየው ሰው ሁሉ «ይሄ ልጅማ ለባስኬት የተፈጠረ ነው» ይላል። እኔም ትልቅ ተስፋ አለኝ። ለዚህ ነው ዳር ቆሜ ስልጠናውን በደንብ የምከታተለው።

ከሜዳው ልጀምር፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ሲሚንቶ ነው፣ አንዱ ጥግ ተሰነጣጥቋል፣ መስመሩ ደብዝዟል። ቦርዱ ላሜራ ስለሆነ ኳስ በነካው ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። መረብ የለም። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ከፍ ማለት አለበት፣ አንደኛው ግን እየተንጠላጠሉበት ጎንበስ ብሏል። ኮቹ እሱን ለትንንሾቹ ትቶታል፣ ትልልቆቹ ደህነኛው ላይ ነው የሚወረውሩት። ክረምት ላይ ሲሚንቶው ስለሚያንሸራትት ሐምሌና ነሐሴ ብዙ ጊዜ ስልጠና ይቀራል። ጣሪያ ያለው ሜዳ በአካባቢው ፈልጌ አላገኘሁም።

ስልጠናው ግን ከሜዳው በብዙ ይሻላል። አዲስ ልጅ ሲመጣ ወዲያው ጨዋታ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ እግር ነው፦ ሮጦ በሁለት እግር መቆም፣ አንዱን እግር ተክሎ በሌላው መዞር፣ ዘሎ በሁለቱም እግር ማረፍ። ልጆቹ ይሰለቻቸዋል። የእኛም ልጅ «ኳስ ልጫወት ሄጄ ዝላይ ብቻ!» እያለ እቤት ሲነጫነጭ ነበር።

ከዚያ ድሪብል ይመጣል። ቀኝ እጃቸው የቲሸርታቸውን ጫፍ ከኋላ ይይዛል፣ በግራ ብቻ እያነጠሩ ሜዳውን ይሻገራሉ። ኮቹ ወዲያ ማዶ ቆሞ ጣቱን እየቀያየረ ያሳያል፣ እነሱ ስንት ጣት እንደሆነ እየጮኹ መናገር አለባቸው። ወደ ኳሱ ያየ ልጅ ቁጥሩን ይስታል፣ ከሳተ ደግሞ ከመነሻው ይጀምራል። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ቀና ብሎ ኳስ የሚያነጥር ልጅ በዚህ ሰፈር ያየሁት እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ሌይአፑን (ሮጦ ቀለበቱ ስር ደርሶ፣ ሁለት እርምጃ ረግጦና ዘሎ ማግባት ማለት ነው) ያስተማረበት መንገድ ደግሞ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በቀኝ እጅ ሲሆን ቀኝ፣ ግራ ረግጦ በግራ እግር መነሳት ነው፣ በግራ እጅ ሲሆን ይገለበጣል። የእህቴ ልጅ በግራ በኩል ሲመጣ እግሩ ይተሳሰርበት ነበር። ኮቹ ኳሱን ተቀበለውና ያለ ኳስ አስራመደው፣ አብሮት ጎን ለጎን እየተራመደ፣ «ግራ፣ ቀኝ፣ ጉልበት ወደ ላይ» እያለ። ቀጥሎ በሶምሶማ። ኳሱ የተመለሰለት መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ በግራ ሲገባ የማያውቀው ሰው ግራኝ ይመስለዋል።

ሌላው የወደድኩት ልጁ ረጅም ነው ብሎ ቀለበት ስር አለማቆሙ ነው። ብዙ ቦታ ረጅም ልጅ ሲገኝ «አንተ እዚህ ቁም፣ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ያዝ» ይባላል፣ ቡድኑ ያሸንፋል፣ ልጁ ግን ድሪብልም ሹትም ሳይችል ያድጋል። በ14 ዓመቱ ከእኩዮቹ የረዘመ ልጅ በ18 ላይበልጣቸው ይችላል፣ ቀስ ብለው የሚያድጉት ይደርሱበታል። ያኔ በእጁ ምን ይቀረዋል? ኮቹ የእኛን ልጅ ኳስ ይዞ እንዲወጣ ያደርገዋል። ይነጠቃል፣ ይሳሳታል፣ ከዳር ወላጅ «ኧረ ረጅሙን ከታች አቁመው!» ብሎ ይጮኻል፣ ኮቹ ዞር ብሎም አያይም።

ኳሱም በዕድሜ ነው። ትንንሾቹ 5 ቁጥር፣ ሴቶቹና መካከለኞቹ ወንዶች 6 ቁጥር፣ ትልልቆቹ ወንዶች 7 ቁጥር። በየሰፈሩ ሁሉም በ7 ቁጥር ነው የሚጫወተው። አቅሙ ያልደረሰ ልጅ ትልቅ ኳስ ከወገቡ አንስቶ ይገፋዋል፣ ያ አወራወር አንዴ ከለመደ በኋላ ማስተካከል መከራ ነው። ኳሶቹ ጥቂት መሆናቸው ግን ችግር ነው፣ ልጆቹ ተራ እየጠበቁ ብዙ ሰዓት ይቆማሉ። የራሱ ኳስ ያለው ልጅ ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል።

ባለፈው ዓመት ልጁ ድንገት ቁመት ሲጨምር ጉልበቱን ያመው ጀመር። እኛ ድካም መስሎን ነበር። ኮቹ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለችውን እብጠት ነካ አድርጎ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ ለጊዜው አይዘልም፣ ሐኪም ያሳዩት» አለኝ። ሐኪሙ በዕድገት ዕድሜ ላይ ባሉ፣ ብዙ በሚሮጡና በሚዘሉ ልጆች ላይ የሚመጣ ነው አለን፣ አጥንቱ ማደግ ሲጨርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚተው። እረፍት አደረገ፣ ኮቹም በዚያ ጊዜ ልጁን ቁጭ አድርጎ ፓስና ድሪብል ብቻ አሰራው። አንድ ሌላ ልጅ በህመም ላይ እየዘለለ ሲብስበት አይቻለሁ፣ ስለዚህ ለእኔ ይህች ብቻ የወሩን ክፍያ ትከፍላለች። ክፍያው ራሱ ደህና ከሚባል ሳልባጅ ስኒከር ዋጋ ያንሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ወላጆች እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ሜዳው ዳር አንድ ሰውዬ እየመጣ ረጃጅሞቹን ልጆች መጠየቅ ጀምሮ ነበር፣ «ውጭ ሀገር ስኮላርሺፕ አለኝ፣ ለፕሮሰስ ትንሽ ገንዘብ ብቻ» እያለ። እህቴም ልቧ ተነስቶ ነበር፣ ማን ይጠላል? ኮቹ ወላጆችን ሰብስቦ ለማንም ብር እንዳትሰጡ፣ የልጅ ፓስፖርት ለማንም እንዳትሰጡ ብሎ በግልጽ ነገረን። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ አልታየም። ልጆቻችንን ማርኬት ላይ ለማውጣት የማይቸኩል አሰልጣኝ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

«ልጄ 13 ሞልቶታል፣ አልረፈደም?» ለምትሉ፦ ናይጄሪያዊው ሀኪም ኦላጁዎን ሌጎስ ላይ ባስኬት የጀመረው 15 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት እጅ ኳስ ይጫወት ነበር፣ በእግር ኳስም ግብ ጠባቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በኤንቢኤ (በአሜሪካው ትልቁ የባስኬት ሊግ) ድራፍት፣ ማለት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድም በ15 ዓመቱ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስተኛ ሆኖ ተመርጧል። ሁለቱም ከሁለት ሜትር በላይ ናቸው፣ ስለዚህ ለሁሉም ልጅ ይሰራል አልልም፣ ግን በ13 የረፈደበት የለም።

አሁን ድክመቱ። ግጥሚያ የለም ማለት ይቻላል። ልጆቹ እርስ በርስ ነው የሚጫወቱት፣ እርስ በርስ ሲጫወቱ ደግሞ ፋውል የሚነፋ የለም። ከሌላ ሰፈር ጋር ዳኛ ያለበት ጨዋታ የተደረገ ጊዜ የእህቴ ልጅ ሦስተኛው ሩብ ሳያልቅ አምስተኛ ፋውሉን አግኝቶ ወጣ። እጁን እየዘረጋ መከላከል ለምዷል፣ ልምምድ ላይ ማንም «ተው» ብሎት አያውቅም። እንባው መጣ፣ እኔም አንጀቴ ተላወሰ። ይሄ በልጁ የሚፈረድ አይደለም፣ ስልጠናው ያጎደለው ነው፣ ለኮቹም ነግሬዋለሁ። ሜዳም፣ ዳኛም፣ ትራንስፖርትም ብር ይፈልጋል አለኝ፣ እውነቱን ነው። ግን ቢያንስ ከልጆቹ አንዱ ፊሽካ ይዞ እየተፈራረቁ ቢያዳኙ ምንም ወጪ የለውም።

ይሄ ነገር ከሰፈራችን በላይ ነው የሚያንገበግበኝ። እ.ኤ.አ. በ1962 ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮና ሲደረግ ኢትዮጵያ እዚያ ነበረች። በ2021 የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በ12 ክለቦች ኪጋሊ ላይ ሲጀመር ግን የእኛ ክለብ አልነበረበትም። እንዲህ እግሩ ተስተካክሎ፣ ሁለቱንም እጁን አሰልጥኖ 16 ዓመት የደረሰ ልጅ ቀጥሎ የት ይሂድ? ኮቹ «መሃል ከተማ ክለብ ያለው ቦታ ፈልጉለት» ይላል። ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ለተማሪ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የታክሲውን ሰልፍ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷ የቀረችው በግጥሚያው ነው። ሴት ልጆችም አሉ፣ በደንብ ነው የሚያሰራቸው፣ ሽንት ቤት ግን ሜዳው ላይ ስለሌለ ከቤት ተዘጋጅተው ቢወጡ ይሻላል። ጠዋት 2 ሰዓት ይጀመራል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አያስወረውርም። ሶሉ ያላለቀ ጫማና ውሃ ያዙላቸው። ምዝገባ የሚባል ነገር የለም፣ ቅዳሜ ሄዶ ኮቹን ማናገር ነው፣ ልጁን ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲሮጥ ሳያየው አይቀበልም።