ፋይበርግላስ ወይስ ካርቦን፦ ስኪ በቤቱ ለሚሠራ ሰው

ስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅም ሰሌዳ፣ በቤቱ የሚሠራ ሰው በመሃሉ ያለውን የእንጨት ልብ ከላይና ከታች በኤፖክሲ ሙጫ የሚያለብሰው ባብዛኛው በፋይበርግላስ ወይም በካርቦን ፋይበር ነው። የካርቦን ቃጫ ግትርነት 230 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ) ገደማ ሲሆን ፋይበርግላስ የሚሠራበት የተለመደው የመስታወት ቃጫ ግን 72 አካባቢ ነው፤ ክብደቱም ስለሚያንስ፣ ተራራውን በእግራቸው ወጥተው ለሚንሸራተቱ ካርቦን ያጓጓል። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያው ጥንድ ፋይበርግላስን እመርጣለሁ፤ ርካሽነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከመሰበሩ በፊት ይበልጥ የሚለጠጥ ከመሆኑም በላይ ሙጫ ሲጠጣ ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ሙጫው ያልደረሰበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። ጥቁሩ ካርቦን ይህን ጉድለት ይደብቃል። ካርቦን የግድ ከሆነም፣ የስኪውን የብረት ጠርዝ በቀጥታ ከነካ እርጥበት በገባ ጊዜ ብረቱን ስለሚያዝገው፣ በመካከላቸው ስስ የፋይበርግላስ ንጣፍ ማስገባት ያስፈልጋል።