«ሰርቨር ቤትዎ እንትከልልዎ» ከሚል ሰው ጋር ሳትዋዋሉ

የሐዋሳ ልጆች፣ በተለይ ፔንሲዮን ወይም አስጎብኚ ቢሮ ያላችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

አቶቴ አካባቢ 9 ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ እስካሁን በጂሜይል ነው የሚሠሩት? በፔንሲዮንዎ ስም ኢሜይል ላውጣልዎ። ሰርቨሩ፣ ማለትም ኢሜይሉን የሚልክና የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ እዚሁ ቤትዎ ይቀመጣል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለበትም» አለኝ። አፉ ቅቤ ነው። 42 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ያመጣው ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ ጎኑ ላይ የሆነ መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር በነጭ ቀለም እንደተጻፈበት አለ። ሪሴፕሽኑ ጠረጴዛ ሥር ሰክቶ ሊኑክስ፣ ከዚያም ፖስትፊክስና ደቭኮት የሚባሉ የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራሞች ጫነበት። ሶፍትዌሮቹ ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። ከዚያ ከሪሴፕሽኑ ላፕቶፕ ወደ እኔ ኮምፒውተር «ሰላም ነው?» ብሎ ላከ። ደረሰ፤ ተጨባበጥን። የተበላሁት እዚች ላይ ነው። ሁለቱም አካውንት ያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ደብዳቤው ከግቢዬ እንኳ አልወጣም።

ናይሮቢ ላለች ደንበኛ የክፍል ማረጋገጫ ስንልክ በደቂቃ ውስጥ ተመለሰ፤ 550 የሚል ቁጥር ይዞ። ተቀባዩ ሰርቨር «አልቀበልም» ብሎ ቁርጡን ነገረን ማለት ነው። ቀስ ብዬ ሳጣራ ምክንያቱ አንድ አልነበረም። የቤት ኢንተርኔት አይፒ አድራሻ (መስመሩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ይቀያየራል። ስፓምሃውስ የሚባለው ድርጅት ደግሞ በቀጥታ ሜይል ሊወጣባቸው የማይገባ የእንዲህ ያሉ አድራሻዎች ዝርዝር አለው፤ ብዙ ተቀባዮች እሱን አይተው በሩን ይዘጋሉ። ከአይፒው ወደ ስም የሚመልሰውን መዝገብ የሚያስተካክለው የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም ኢንተርኔት አቅራቢው ነው፤ ልጁ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ የሚሠራው ነገር አይደለም። ጂሜይል ከየካቲት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ይህን መዝገብ፣ በተጨማሪም ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም የሚባል የላኪ ማረጋገጫ ከማንኛውም ላኪ ይጠይቃል። የእኔው ዴስክቶፕ አንዱም አልነበረው።

መብራት ሲጠፋስ የምትሉ አላችሁ። እውነቱን ለመናገር ያ ትንሹ ችግር ነው፤ ወደ እኛ የሚልከው ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ወይም ለ5 ቀን እየደጋገመ ይሞክራል።

ሌላው ያናደደኝ ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ማንበቢያ ፕሮግራም ነው። ለሦስት ኮምፒውተር «የላይሰንስ» ብሎ ለእያንዳንዱ 1,500 ብር ተቀብሎኛል። ተንደርበርድ እኮ ነጻ ነው! የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2004 ከወጣ ጀምሮ ነጻ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ለአንድሮይድ ስልክም አለ። ያውም ሲያስተካክለው ፖፕ በሚባለው፣ ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተሩ በሚያወርደው መንገድ ነው ያደረገው። ጠዋት ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ላፕቶፑን ስትከፍት ደብዳቤው ሁሉ ወደሷ ወርዶ ከሰርቨሩ ይጠፋል፤ እኔ ስልኬን ብከፍት ባዶ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቡኪንግ የለም ብዬ ሳዝን ነበር። ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ በሚተወው በአይማፕ፣ ፖርት 993 ቢያደርገው ኖሮ ሁላችንም ያንኑ ሳጥን እናይ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ዶሜይኑ፣ ማለትም ኢሜይሉ ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣው የፔንሲዮኔ ስም ነው፤ ያስመዘገበው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነው። ስናገረው «ዶሜይኑን ወደ እርስዎ ማዛወሪያ ኮዱን ልስጥዎ፣ 12 ሺህ ይጨምሩ» አለኝ። የፔንሲዮኔን ስም እኔው መልሼ ልገዛ!

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ዶሜይኑን በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ ኢሜይል አስመዝግቡ፤ የይለፍ ቃሉን እናንተ ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ፊታችሁ ቁጭ ብሎ ወደ ጓደኛችሁ ጂሜይልና አውትሉክ ያስልክ፤ ወደ ስፓም ገባ ወይስ ኢንቦክስ፣ እዩ። ጂሜይል ላይ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ከሦስቱ ነጥቦች «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ስትነኩ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ (እሱም የላኪ ማረጋገጫ ነው) አጠገብ «ፓስ» ካላለ ብሩ ኪሳችሁ ይቆይ። ቤት ውስጥ ሰርቨር ተክሎ መማር ለሚወድ ጥሩ ነው፤ የእንግዳ ቡኪንግ ግን አታስይዙት። እኔ አሁን በወር እየከፈልኩ ሜይሉን ሌላ ቦታ አስቀምጫለሁ፣ ይሠራል።

ዶሜይኑን በአጎቱ ሽማግሌነት ያለ 12 ሺው አስመለስኩ። ስለ 42 ሺው ስጠይቅ «ደረሰኝ አለዎት?» አለኝ። ያለኝ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ናት፤ ፊርማዋ አይነበብም።