ኪውቲን ከጂቲኬ ማስታረቅ፦ ክቫንተም፣ ኪውቲ6ሲቲና አድው-ጂቲኬ3 ሲመዘኑ

የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች በብዛት ከሁለት ቤት ይወጣሉ፦ መስኮት፣ ቁልፍና ምናሌ ከሚሠሩባቸው ጂቲኬና ኪውቲ ከተባሉ ላይብረሪዎች። ጂኖም፣ ኤክስኤፍሲኢ፣ ሲናመንና ማቴ የተባሉት ዴስክቶፖች በጂቲኬ የተሠሩ ናቸው፤ ኬዲኢ ፕላዝማና ኤልኤክስኪውቲ ደግሞ በኪውቲ። ሁለቱ ቁልፍና ምናሌ የሚስሉበት መንገድ ለየቅል ስለሆነ፣ ጂኖም ላይ የተከፈተ ኬደንላይቭ (በኪውቲ የተሠራ የቪዲዮ ማቀናበሪያ) ከጎረቤት የተዋሱት ዕቃ ይመስላል። ይህን ልዩነት እናጠብባለን ከሚሉት መሣሪያዎች አራቱን እንይ፤ ሁሉም በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ምንም ከመጫናችሁ በፊት ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ወስኑ። ከሁሉም አንዱ አይነቃነቅምና፦ ሊብአድዋይታ። 1.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣው ይህ ላይብረሪ ለጂቲኬ4 ፕሮግራሞች መልካቸውን ራሱ ይዞላቸው ይመጣል፤ እናንተ የመረጣችሁትን የጂቲኬ ገጽታ አያነብም። በማርች 2022 ከወጣው ጂኖም 42 ወዲህ የጂኖም ዋና ዋና ፕሮግራሞች በየተራ ወደ እሱ ገብተዋል። ጂቲኬ_ቲም የሚባለውን ቫሪያብል (ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚያነቡት ቅንብር) ለመላው ሥርዓት አውጀው ሊያስገድዱት የሚሞክሩ አሉ። ቫሪያብሉ ግን ለሙከራ የተሠራ ነው፤ የሚተርፋችሁ የተዛባ ክፍተትና የማይነበብ ጽሑፍ ነው። ሙሉ ገጽታ ወደ ጂቲኬ-4.0 ፎልደር መገልበጥም ለጊዜው ይሠራል፤ ላይብረሪው በታደሰ ቁጥር ግን የሆነ ነገር ይሰበራል። ጎጆ በምሰሶው ዙሪያ እንደሚቆም፣ ያልተነቀለውን ይዞ ሌላውን ወደ እሱ ማስጠጋቱ ያዋጣል።

ለዚህ ሥራ አንደኛው አድው-ጂቲኬ3 ነው። የሊብአድዋይታን መልክ ለቆዩት የጂቲኬ3 ፕሮግራሞች ያለብሳል፤ የሊብአድዋይታዎቹን አይነካም፣ ምስጢሩም እሱ ነው። ከሊኑክስ ስርጭቶች ፌዶራ ላይ አድው-ጂቲኬ3-ቲም፣ አርች ላይ አድው-ጂቲኬ-ቲም በሚል ስም ይገኛል። ሌላ ቦታ የታሸገውን ፋይል አውርዳችሁ በቤታችሁ ፎልደር ሎካል/ሼር/ቲምስ ውስጥ ትፈቱታላችሁ (ሎካል ከፊቱ ነጥብ ያለው ስውር ፎልደር ነው)። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጨለማውን ገጽታ ሲያበራ ነው። ጂኖም ላይ ጨለማውን ስትመርጡ ከለር-ስኪም የሚባለው ቅንብር ይቀየራል፣ ሊብአድዋይታም ወዲያው ይከተላል፤ የጂቲኬ3 ገጽታ ግን ሌላ ቅንብር ነውና ብርሃኑ ላይ ይቀራል። ጂሴቲንግስ በተባለው የተርሚናል ትእዛዝ ሁለቱንም ቀይሩ፦ ከለር-ስኪም ወደ ፕሪፈር-ዳርክ፣ ጂቲኬ-ቲም ወደ አድው-ጂቲኬ3-ዳርክ። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል፦ አሮጌዎቹ ሲጨልሙ የሊብአድዋይታዎቹ ነጭ ሆነው ከቀሩ፣ ከለር-ስኪሙን በእጅ ቀይሩ፤ ኤክስዲጂ-ዴስክቶፕ-ፖርታል-ጂቲኬ የተባለው ጥቅል መኖሩንም አረጋግጡ። ምርጫችሁን ለፕሮግራሞቹ የሚያደርሰው እሱ ነው።

የኪውቲው ወገን ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ኪውቲ6ሲቲ ከፕላዝማ ውጭ ላሉ የኪውቲ ፕሮግራሞች ስታይል፣ ፎንት፣ አይከንና ቀለም የምትመርጡበት መስኮት ነው፤ ክቫንተም ደግሞ ቁልፎቹን ከኤስቪጂ (ሲሰፋ ከማይደበዝዝ) ሥዕል የሚያወጣ ስታይል። የመጀመሪያው መራጭ፣ ሁለተኛው ሠዓሊ ነው በሉት። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሁለቱን ትጭናላችሁ፣ በክቫንተም ማኔጀር ኬቪጂኖም ወይም ኬቪጂኖምዳርክ የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ በኪውቲ6ሲቲ ስታይሉን ክቫንተም ታደርጋላችሁ። ከዚያ ኪውቲ_ኪውፒኤ_ፕላትፎርምቲም የሚለውን ቫሪያብል ኪውቲ6ሲቲ ብላችሁ ትሰይሙና ከሴሽኑ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። በኪውቲ5 የተሠሩ ፕሮግራሞች ካሏችሁ ኪውቲ5ሲቲም ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የቫሪያብሉን ዋጋ ኪውቲ5ሲቲ በሉት፤ ኪውቲ6ሲቲ በዚህም ስም ሲጠሩት ይሰማል። አርች ላይ ለኪውቲ5 ክቫንተም-ኪውቲ5 የሚባል የተለየ ጥቅል አለ፤ እሱን የረሳ ሰው ግማሹ ፕሮግራም ሲቀየር ግማሹ እንደነበረ ሲቀር ያያል።

ቫሪያብሉ የት እንደሚጻፍ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ነው። ባሽአርሲ በሚባለው የተርሚናል ቅንብር ፋይል ውስጥ ከጻፋችሁት ከተርሚናል ለተነሣ ፕሮግራም ብቻ ይሠራል፤ ከምናሌ የተከፈተው አያየውም። ትክክለኛው ቦታ በስውሩ ኮንፊግ ፎልደር ውስጥ ኢንቫይሮንመንት.ዲ በሚባለው ሥር፣ ስሙ በነጥብ ኮንፍ የሚያልቅ ፋይል ነው። ኪውቲ_ስታይል_ኦቨርራይድን ጎን ለጎን አትጠቀሙ፤ የስታይል ምርጫችሁን ስለሚሽር ኪውቲ6ሲቲ ራሱ አጥፉት ብሎ ያስጠነቅቃል። በአንድ ተጠቃሚ ስም ጂኖምንም ፕላዝማንም የምትከፍቱ ከሆነ ደግሞ ይህ ቫሪያብል ፕላዝማን ያውከዋል፦ የራሱን ቅንብር ማንበቢያ ስለሚተካበት ከሲስተም ሴቲንግስ የመረጣችሁት ፎንትና አይከን ፕሮግራሞቹ ላይ አይታይም። መድኃኒቱ በኮንፊግ ሥር ፕላዝማ-ወርክስፔስ/ኢንቭ ውስጥ በነጥብ ኤስኤች የሚያልቅ ትንሽ ፋይል አስቀምጦ፣ እዚያ የቫሪያብሉን ዋጋ ኬዲኢ ማድረግ ነው።

ክቫንተም ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ካላያችሁት ከጂቲኬው አትለዩትም። ከቁልፍና ከምናሌ አልፎ ግን አይሄድም። ጂኖም ዌይላንድ (መስኮቶችን የሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት) ላይ ለሌሎች ፕሮግራሞች የርዕስ አሞሌ አይሠራላቸውም፣ ኪውቲ የራሱን ይስላል፤ የመዝጊያው ቁልፍ ቅርጽ የሚለየው ለዚህ ነው። የኬዲኢ ፕሮግራሞችም አይከናቸውን ከኬዲኢው ገጽታ ከብሪዝ ስለሚጠብቁ ብሪዝ-አይከንስን ጫኑ፤ ካልሆነ ባዶ ቁልፎች ይጠብቋችኋል። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ አትድከሙ። ኪውቲ ነው፣ ግን መስኮቱን ራሱ ስለሚስል ክቫንተምን አይሰማም።

ፕላዝማ ላይ ለሚውሉ ሰዎች ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። አራተኛው መሣሪያ፣ ኬዲኢ-ጂቲኬ-ኮንፊግ (ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኬዲኢ-ኮንፊግ-ጂቲኬ-ስታይል)፣ ከብሪዝ-ጂቲኬ ጋር ሆኖ ቀለሙን፣ ፎንቱንና ጠቋሚውን ለጂቲኬ3 ሳይጠየቅ ያስተላልፋል። በምቾት ከአራቱ አንደኛ ነው። ጉድለቱ ዱካው አለመጥፋቱ ነው፦ ጂቲኬ-3.0 እና ጂቲኬ-4.0 ፎልደሮች ውስጥ ከለርስ.ሲኤስኤስና ጂቲኬ.ሲኤስኤስ ጽፎ ይሄዳል፤ ነገ ጂኖም ስትገቡ የብሪዝ መልክ ተከትሏችሁ ይመጣል። ፋይሎቹን ስማቸውን ቀይሩና የጂቲኬ-ቲም ቅንብሩን መልሱ።

ፕሮግራሞችን ከሥርዓቱ ለይቶ የሚያሽገው ፍላትፓክ የታጠረ ግቢ ስለሆነ የሥርዓቱን የገጽታ ፎልደር አያይም። የአድው-ጂቲኬ3 ተጨማሪ ፍላትሀብ በተባለው የፍላትፓክ መደብር ላይ ኦርግ.ጂቲኬ.ጂቲኬ3ቲም.አድው-ጂቲኬ3 በሚል ስም አለ፤ ጨለማው ለብቻው ስለሆነ ሁለቱንም ጫኑ። ለክቫንተም ኦርግ.ኬዲኢ.ኬስታይል.ክቫንተም አለ፤ እትሙ ፕሮግራሙ ከሚጠቀምበት ራንታይም (የጋራ ላይብረሪዎች ጥቅል) ጋር ካልገጠመ ዝም ብሎ አይሠራም፣ የስሕተት መልእክትም ላያሳይ ይችላል።

ሊብረኦፊስ ድንገት የ1990ዎቹን መስኮት ከመሰለ የጎደለው ማገናኛ ጥቅሉ ነው። ሊብረኦፊስ-ጂቲኬ3ን ጫኑ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሠርቶም የአማርኛው ጽሑፍ ብቻ ተለይቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከጂኖሙ አድዋይታ ሳንስ (ቀድሞ ካንታሬል) ጀምሮ የዴስክቶፖቹ ነባሪ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ተተኪውን የሚመርጠው ፎንትኮንፊግ የተባለው የሊኑክስ ፎንት አስተዳዳሪ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፎንት ብቻ ከተጫነ ምናሌው በብዕር የተጻፈ ይመስላል፤ ለመጽሐፍ ያምራል፣ ለቁልፍ ግን ይከብዳል። ኤፍሲ-ማች በሚለው ትእዛዝ ሳንስ-ሰሪፍ፣ ላንግ አም ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚመልሰው ስም አሁን እየተመረጠ ያለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክን ጫኑና በፎንትስ.ኮንፍ ፋይል ለሳንስ-ሰሪፍ ከዋናው ፎንት ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ ጻፉት። አንደኛ ካደረጋችሁት የላቲን ፊደሉንም ይወስድባችኋል። ፍላትፓኮቹ ይህን ፋይል እንዲያዩ በፍላትፓክ ኦቨርራይድ ኤክስዲጂ-ኮንፊግ/ፎንትኮንፊግን ለንባብ ብቻ ፍቀዱላቸውና ፕሮግራሞቹን ዘግታችሁ ክፈቱ።